ነጋሽና ሌሊት የሚያወርደው ማሽን

አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ሊቶኒያ ውስጥ፣ አርባ ቤት ሊሠራበት ታቅዶ አሥራ አራት ብቻ ተሠርቶ በቀረ ሰፈር፣ አስፋልቱ አልቆ ሣር በሚጀምርበት ጫፍ ላይ የነጋሽ ቤት አለ። ቤቱን የገዛው በአውሮፓውያኑ 2007 ነው። በዓመቱ የቤት ገበያ ወደቀና ሥራ ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ጠፋ፤ የቀሩት ሃያ ስድስት ቦታዎች የውሃ ቧንቧቸው ከመሬት ብቅ እንዳለ ሣር ዋጣቸው። የኬብል ኩባንያውም መስመሩን ከሰፈሩ መግቢያ አላሳለፈም። «ቤቶቹ ሲያልቁ እንቀጥላለን» አሉት በስልክ። ቤቶቹ አላለቁም።

ስለዚህ ነጋሽ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከሰማይ ነው። ጣሪያው ላይ አንድ ሰሐን ተተክሏል፤ ሰሐኑ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኝ ሳተላይት ጋር ይነጋገራል። አንድ ነገር ሲጫኑ ጥያቄው ያን ሁሉ መንገድ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱን ይዞ እንደገና ወጥቶ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ገጹ ከመከፈቱ በፊት ትንሽ እንደማሰብ የሚለው። ይኼስ ይቻላል። የማይቻለው ኮታው ነው። ኩባንያው ለወር የሚሰጠው አሥር ጊጋ ብቻ ነው፤ እሱ ካለቀ መስመሩ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደተዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ ኑሃሚን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትጨርሰዋለች።

ውሉ ላይ ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ሌላ ሃምሳ ጊጋ ይፈቀዳል፤ ይኼ ከቀኑ ኮታ ላይ አይነሳም። ብዙ ሰው ይህን ያነብና «ማን በዚያ ሰዓት ይነሳል?» ብሎ ያልፈዋል። ነጋሽ ሲያነበው ግን ከወንበሩ ተነሳ። ምክንያቱን ለማወቅ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ነጋሽ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ነው። ከቻምብሊ እስከ ሎረንስቪል ድረስ ያሉ የአፓርትመንት ላውንደሪዎችን በቫኑ እየዞረ ያክማል። ሙያውን የጀመረው ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ማሽኖቹን ዘይት ይቀባ ነበር፤ አለቃው «ማሽን በጆሮ ነው የሚታየው» እያለ ዓይኑን አስጨፍኖ የትኛው ጥርስ እንደተሰበረ ያስለየው ነበር። ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን አትላንታ። እዚህ ከመጣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እና በዚህ ሁሉ ዓመት ላውንደሪ ቤት ቆሞ ያየው አንድ ነገር አለ። እሁድ ከሰዓት አሥራ ሁለቱም ማሽኖች ተይዘው ሰው ቅርጫት አቅፎ ተራ ይጠብቃል፤ ማክሰኞ ንጋት ላይ እነዚያው አሥራ ሁለት ማሽኖች ባዶ ሆዳቸውን ያፈጣሉ። ማሽኑ ያው ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው። ሳተላይቷም እንደዚያው ነበረች ለካ! ሰው ሁሉ ሲተኛ ባዶዋን ታድራለች፤ ሰውየው መንቃት አይጠበቅበትም፤ ማሽን ይንቃለት እንጂ።

«ዳድ፣ ሲሪየስሊ፣ ሰው ሁሉ እኮ ሳያወርድ ዝም ብሎ ስትሪም ነው የሚያደርገው» አለችው ኑሃሚን፣ ከአንድ ከተዘጋ ቢሮ ያመጣውን አሮጌ ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ ላይ ሲተክል።

«ሰው ሁሉ ኬብል አለው።»

«ሶ ቤት እንቀይር!»

«ማሽን ከሚስተካከል ቤት ይቀየር ነው የምትይው?»

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ነበር። የገና መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ መዘውር ሰዓት ገዝቶ ኮምፒውተሩን ሰካበት። በስምንት ሰዓት ኤሌክትሪኩ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ የተሰለፈለትን ያወርዳል፤ በሁለት ሰዓት ኤሌክትሪኩ ይቆረጣል። ሁለት ጉድለት ተገኘበት። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቆረጥ ግማሽ የወረደው ፋይል ይበላሻል። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ መዘውሩ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዓት የነበረው ወደ ሦስት ሰዓት ገፋ፤ ማንም ሳያውቅ ማሽኑ የቀኑን ኮታ ሲግጥ ከርሞ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን አሥሩም ጊጋ አለቀ። ኑሃሚን ለሃያ ስድስት ቀን የቤት ሥራዋን ዋይፋይ ያለው በርገር ቤት ተቀምጣ ስትሠራ ከረመች፤ ለአባቷም ይኼንኑ በየቀኑ አስታወሰችው።

ነጋሽ ግን አልተናደደም፤ ደስ አለው ማለት ይቀላል። ብልሽት ማለት ለእሱ ማሽኑ ራሱን ሲያስረዳ ነው። መዘውሩን ጣለና ሰዓቱን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲጠብቅ አደረገው። ከስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ አሳልፎ የሚጀምር፣ ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ የሚያቆም፣ በማግስቱ ሌሊት ከምልክቱ የሚቀጥል ፕሮግራም ጻፈ። ዳር ድንበሩ ላይ የተዋት አምስትና አሥር ደቂቃ የኩባንያው ሰዓትና የእሱ ሰዓት ባይገጣጠሙ እንዳይጋጩ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ማሽኑ ለውጭው ዓለም ጥርቅም ብሎ እንዲዘጋ አደረገ፤ ማንም ከውጭ ሊያዘው፣ እሱም ወደ ውጭ ሊጣራ አይችልም። የሠራውንም ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ የሚመዘግብበት ፋይል ሰጠው።

«የእኔ ባል ሌሊት የምትነሳ ሌላ ሚስት አለችው» ትላለች ሚስቱ የሺእመቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ስምንት ሰዓት ትነሳለች፤ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። እኔን እንኳ ሰዓቴን እንዲህ አልጠበቀልኝም።»

እንዲህ ብላ ትቀልድ እንጂ ማሽኑ ከሁሉ በላይ የእሷ ነበር።

አባቷ አቶ አምባዬ የሚኖሩት ደሴ ነው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሃምሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ስልክ ሲደወልላቸው «ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል? ሃሎ!» ብለው ይጮሃሉ፤ የሺም ከዚህ ትጮሃለች፤ አሥር ደቂቃ ሃሎ ተባብለው ይዘጋል። ከዚያም የሺ መኝታ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። መላውን ያገኘው የወንድሟ ልጅ ትንሳኤ ነው። የሺ በሳምንት አንዴ ጥያቄዎቿን ትጽፍለታለች፤ እሱ በትልልቅ ፊደል ካርቶን ላይ ይገለብጥና ለአያቱ ያሳያቸዋል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው እያነበቡ፣ ካሜራውን እያዩ ይመልሳሉ። «ጉልበትዎ እንዴት ነው ትላለች? ጉልበቴ ካንቺ ጉልበት ይሻላል! ቀጥሎ። ምን በሉ? ኧረ ይቺ ልጅ፣ ሆዴን ልትቆጥር ነው እንዴ?» እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወራሉ። ትንሳኤ ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ባለው የጋራ ማኅደራቸው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የነጋሽ ማሽን ሌሊት ሄዶ ያመጣዋል። አንዱ ቪዲዮ ከአንድ ጊጋ በላይ ነው፤ በቀን ቢወርድ የወሩን አንድ አሥረኛ ይበላ ነበር።

ከአንድ ከተጣለ ማጠቢያ ማሽን ላይ ደግሞ ነጋሽ፣ እጥበቱ ሲያልቅ የምትበራዋን አረንጓዴ አምፖል ፈትቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሰራት። አዲስ የአባቷ ቪዲዮ ገብቶ ከሆነ ትበራለች፤ ሲከፈት ትጠፋለች። አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት በርታ ትገኛለች፤ የሚያዩት ግን እሁድ፣ ሦስቱም ቤት ሲሆኑ ነው። የሺ ቅዳሜ ከሥራ ስትመጣ አምፖሏን አይታ ብቻ ፈገግ ትላለች። «አስቀምጬ ስበላው ነው የሚጣፍጠኝ» ትላለች።

በአውሮፓውያኑ 2014፣ ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ነጋሽ ቻምብሊ ውስጥ አንድ ማድረቂያ ሥር ተንጋሎ ሳለ ከፊቱ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ቆመ።

«ነጋሽ፣ እስቲ ከዚያ ውጣ።»

«ጋሽ ኃይሌ! ምን እግር ጣለዎት?»

አቶ ኃይለመስቀል የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል፤ በዚህ ከተማ ለሠላሳና ለአርባ ሰው መርዶ የነገሩ፣ ሰው በሥራ ቀን በራፉ ላይ ሲያያቸው ልቡ የሚደነግጥባቸው ሰው ናቸው። ነጋሽም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊታቸውን አየና ተቀመጠ።

«አቶ አምባዬ ናቸው አይደል?» አለ።

«ዛሬ ጠዋት። ተኝተው ነው ያደሩት፣ አልተነሱም። ነገ ይቀበራሉ።»

ከጎናቸው አንድ ማሽን ውሃ እየቀዳ ነበር።

«እሁድ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «ከዚያ በፊት ሰው አይሰበሰብም፤ ግማሹ ቅዳሜ ሥራ ነው። እስከዚያ ያንተ ነገር ነው።»

«ሦስት ቀን እንዴት አድርጌ ነው የምደብቃት?»

«ባል አይደለህ እንዴ? ሦስት ቀን መዋሸት አቃተህ?» አሉና ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። የዛሬ ዓመት ኤርፖርት የምትሠራዋን ልጅ አስታውስ። የእናቷን ሞት በፌስቡክ አየች። የሠራተኛ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ብቻዋን ወድቃ ነው ያገኟት፤ ስንት ሰዓት እንደቆየች ማንም አያውቅም። ያን ቀን ለራሴ ምዬአለሁ። የሺ ብቻዋን አትሰማም። ሰው ይዟት፣ ሰው አቅፏት ትሰማለች። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ደህና አድርጋ ትብላ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እህል እንደማትቀምስ ታውቃለህ።»

ነጋሽ እንደ ልማዱ ነገሩን በቅደም ተከተል አሰበው። ወሬ ወደ ቤቱ የሚገባው በየት በየት ነው? በስልኳ። በሰው አፍ። በኑሃሚን። ሦስቱንም ደፈነ። ለሚያውቋት ሁሉ አፋቸውን እንዲይዙ ተነገረ፤ ኑሃሚን ቅዳሜ ጓደኛዋ ቤት እንድታድር ተደረገ፤ እሁድ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ብዙነሽ ይዛት ትመጣለች። ስልኳን ደግሞ ሐሙስ ማታ አንስቶ ጀርባውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ።

«ባትሪው አብጧል።»

«ትናንት ደህና ነበር እኮ።»

«የሚያብጠው እንዲህ በድንገት ነው። ሊፈነዳ ይችላል። ልውሰደውና ላሠራው።»

ስለ ማሽን ዋሽቶ አያውቅም ነበር። የሺ ቀና ብላ አየችው። ስልኩ የነጋሽ መፍቻ ሳጥን ውስጥ ገባ። ዓርብ ዋለ፣ አደረ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቻምብሊው ሥራ ሲወጣ፣ ቫኑ ውስጥ ሆኖ ደሴ ደወለ። ከወዲያ በኩል የለቅሶ ቤት ሁካታ ይሰማል።

«ጋሼ!» አለ ትንሳኤ። ድምፁ ሰልሏል። «አልሰማችም አይደል?»

«አልሰማችም። ነገ ጠዋት ነው። ማንም እንዳይደውል ብዬ ነው።»

«ማንም አይደውልም። ቀብሩንም እኮ ቀርጬዋለሁ፤ ሁሉንም፣ ከቤት ጀምሮ እስከ መጨረሻው። አክስቴ አልቀበርኩትም እንዳትል ብዬ።»

«ጎበዝ። አስቀምጠው፣ በኋላ ትልካለህ።»

«ልኬዋለሁ እኮ! ትናንት ማታ ከቀብር እንደተመለስኩ አስገባሁት። እናንተ እሁድ አይደል የምታዩት? እስከዚያ መርዶውም ይነገራል ብዬ…»

ነጋሽ ሰዓቱን አሰላ። ትናንት ማታ ደሴ ማለት ዓርብ ከሰዓት አትላንታ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ከስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ በኋላ ማሽኑ ማኅደሩን ከፍቶ አዲስ ነገር አግኝቷል። የተዘጉትን በሮች ሁሉ ቆጥሮ ነበር፤ እሱ ራሱ የከፈተውን አልቆጠረውም።

ሰማዩን አስታወሰ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሰሐኑ ሳተላይቷን ያጣታል፤ ስንት ሌሊት በዚህ ተበሳጭቷል! ሌሊቱን ዘንቦ ይሆን? አልዘነበም። ጠዋት ጥጉን ሳያይ ተጣድፎ ሲወጣ የመኪናው መስታወት ደረቅ ነበር። ከሩቅ ማሽኑን ማስቆም? ጠዋት ከሁለት ሰዓት በኋላ ማሽኑ ለማንም አይከፍትም፤ እንዲህ አድርጎ የሠራው ማን ሆነና። ለሚስቱ መደወል? ስልኳ መፍቻ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከጀርባው ነው። የሺ የምትሠራው ቱከር፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ስምንት ተኩል ላይ ወጥታለች። አሁን ቤት ደርሳለች።

እሁድ ነው የምታየው፣ አስቀምጣ ነው የምትበላው እያለ ራሱን እያጽናና ሁለት ሰማንያ አምስት የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ወጣ። መንገዱ ላይ መኪና ተጋጭቶ ሦስቱ መስመር ወደ አንድ ጠቧል። እዚያ ቆሞ ነበር ሌላው ነገር የገባው። ሦስት ቀን ስልክ የላትም። ሦስት ቀን ማንም አልደወለላትም፣ ሥራ ቦታ ያሉት አበሾችም ዓይኗን ሸሽተዋታል። እንዲህ የሆነች ሴት ቤት ገብታ ያቺን አረንጓዴ አምፖል ስታይ፣ የአባቷን ፊት ለማየት እስከ ነገ ትጠብቃለች?

ቤት ሲደርስ አሥር ሰዓት ከሩብ ሊሆን ነበር። በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው ጥጉን ነው። አምፖሏ ጠፍታለች።

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ልቡ አረፈ፤ አልወረደም ማለት ነው። ግን አምፖሏ የምትጠፋው በሁለት ምክንያት ነው፤ ካልመጣ ወይም ከተከፈተ። ሁለቱን የሚለየው መዝገቡ ነው። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አበራ። ፋይሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ወርዶ ተጠናቋል። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ተከፍቷል፤ እሱ ቫኑን ሲያስነሳ ማለት ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተዘግቷል። ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ላይ እንደገና ተከፍቷል። አርባ አንድ ደቂቃ፣ እስከ መጨረሻው።

«ነጌ? ቀደም አልክ።» ድምፅዋ ከወጥ ቤት ነው የመጣው፤ ደህና፣ የሁልጊዜው ድምፅ።

«አዎ… ሥራው ቶሎ አለቀ።»

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ማጠቢያ ማሽናቸው ይዞራል። ነጋሽ ሳያስበው አዳመጠው። የሙሉ ልብስ ድምፅ አይደለም፤ ሙሉ ልብስ ወፍራም ነው፣ ይተሻሻል። ይኼ በየዙሩ አንዴ ብቻ ጧ ይላል። በውስጡ ያለው አንድ ልብስ ነው። ለአንድ ልብስ ማሽን ማስነሳት ከተወች ቆይታለች፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቷት ነበር። በክብ መስታወቱ አጮልቆ ሲያይ ያ ለዓመታት ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁር ቀሚሷ ነበር።

ወግ እንደሚለው ነጋሪው እሱ አይደለም። ደግሞ ምን የሚነገር ቀርቶ? ለእራት ዶሮ ሠርታ ነበር። ቁጭ አሉ። ያቀረበላትን ትበላለች፤ ሲጨምርላትም ዝም ብላ ትበላለች፤ እንደ ሥራ፣ ጉርሻ በጉርሻ።

«ስልኬ መቼ ይደርሳል?» አለች።

«ነገ። ነገ ከሰዓት።»

«ነገ ከሰዓት ይበቃል።»

ውሃ ቀዳላት። ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረገችው።

«የሺ…»

«አትናገር።»

«የሺዬ፣ እኔ እኮ በየት በየት እንደሚገባ ሁሉ…»

«አትናገር አልኩህ። አንተ አይደለህም የምትነግረኝ። እነሱ ናቸው። ነገ ነው የሚመጡት አይደል? ጋሽ ኃይሌ ናቸው?»

ራሱን ነቀነቀ። የዚያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ፤ ድምፅዋ ግን ቀስ ያለ ነበር።

«መጀመሪያ ካርቶኑን ጠበቅሁ። ሁልጊዜ በካርቶኑ አይደል የሚጀምረው? ግቢያችን ሆነ። ድንኳን። የአባቴ ብርድ ልብስ… ዘጋሁት። ወለሉ ላይ ነበርኩ፣ ነጌ። ብቻዬን ነበርኩ። ጎረቤት ሄጄ እንዳልጮህ ጎረቤቴ ቧንቧ ነው።»

ሊያቅፋት ተነሳ፤ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ከዚያ ግን እንደገና ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰዉን አየሁት። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሼህ ሰይድ፣ የሱቅ ጎረቤቱ፣ ሬሳውን ከተሸከሙት ጋር ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው! አባቴ ልብስ የሰፋላቸው ሴቶች ሁሉ አሉ፤ አንዷ ቀሚሷን እያሳየች ታለቅሳለች። ሲያለቅሱ አለቀስኩ፣ ሲያርፉ አረፍኩ። እስከ መጨረሻው ሄድኩ።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አባቴን ቀበርኩ እኮ። እዚህ ካሉት ውስጥ አባቱን የቀበረ ማን አለ? እስቲ ንገረኝ።»

ነጋሽ የራሱን አባት መርዶ ሱዳን፣ ጋዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የሰማው ከሞቱ በሰባት ወሩ ነበር።

«ማሽኑን እነቅለዋለሁ» አለ።

«አትንካው!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ደግሞ ነገ ለማንም እንዳትናገር። እኒያ ሽማግሌ ከንጋቱ በፊት ተነስተው፣ ስንት ሰው ሰብስበው ነው የሚመጡት። ዘግይታችኋል ተብለው ከበር አይመለሱም። አባቴ በሥርዓቱ ይነገርለት።»

እሁድ ጎህ ከመቅደዱ በፊት መኪኖቹ መብራታቸውን አጥፍተው በየባዶ ቦታው ቆሙ፤ ቤት ሊሠራበት የነበረው ሣር ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ኮፍያቸውን ያወለቁ ወንዶች ሳይነጋገሩ ተሰበሰቡ። ኑሃሚን በብዙነሽ ክንድ ሥር ነበረች። ነጋሽ በሩን ከፈተ። አቶ ኃይለመስቀል ገቡና የሺ ከመኝታ ቤት እስክትወጣ ቆመው ጠበቁ።

«የሺእመቤት፣ ልጄ» አሉ። «አባትሽ አቶ አምባዬ ወልደው፣ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ሐሙስ ዕለት በእንቅልፋቸው አርፈዋል። እኛ አለንልሽ።»

ነጋሽ ከትናንት ጀምሮ የፈራው ይህችን ደቂቃ ነበር፤ እንባዋ አልቆ፣ ሰዎቹ ፊቷን አይተው እንዳያውቁባት። እሷ ግን ጮኸች። ጩኸቷ ጣሪያውን አልፎ ወጣ፤ ስትወድቅ ስድስት እጅ ከወለሉ በፊት ያዛት። ኑሃሚን «ማሚ፣ ማሚ» እያለች ከሰው መሐል ተጠመጠመችባት። ነጋሽ እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ ለአማቱም፣ ለአባቱም፣ ትናንት ለዚያች አንድ ሰዓትም።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ንፍሮ እየቀመሰ ድምፁ ሲቀንስ፣ የሺ ቀና ብላ «ቀብሩ አለ፤ አብረን እንየው» አለች። ነጋሽ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ሳሎኑ ሙሉ ወደ ደሴው መንገድ ዞረ፤ እዚያ ሲያለቅሱ እዚህም አለቀሱ፤ ደሴን የሚያውቁት «ያ እገሌ ነው» ይባባላሉ። አቶ ኃይለመስቀል ከነጋሽ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ጥርት ብሎ! ሰሐን ነው ያላችሁ አይደል እንዴ? በዚያ ኮታ እንዲህ ያለ እንዴት ይመጣል?»

ነጋሽ ይህን ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ማለት ተፈጥሮው አይፈቅድም። «በቀን አይደለም ጋሽዬ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ነፃ ነው። ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ማኅደሩን ያያል፣ አዲስ ካለ ያወርዳል። ይኼ ለምሳሌ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው ያለቀው፣ ቅዳሜ…»

አፉን ዘጋ። አቶ ኃይለመስቀል ቅዳሜን ከእሁድ ቀነሱት፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ፣ ሁለት አለ። ቀስ ብለው ወደ የሺ ዞሩ። እሷም ሰምታለች። ጥቁሩ ቀሚስ ንጹሕ ነው፣ የሻንጣው እጥፋት እንኳ የለበትም።

«መርዶዬን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽዬ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወዳለው ሕዝብ መለሱ።

«ደህና አድርጌ ነገርኩሽ?» አሉ በዝግታ።

«ደህና አድርገው ነገሩኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ንፍሮውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።